ጥሬ ሥጋ የማትበላው እናቴ ጉበት ላይ የተገኘው ነገር (ከአረፋ በፊት አንብቡት)

የጁገል ልጅ | ሐረር | እሑድ ማታ 2፡40

ሰላም ጀመዓ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ 57 ዓመቷ ነው። ጥሬ ሥጋ በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ "ድንጋይ የተቀመጠብኝ ይመስለኛል" ስትል ኖራለች። የሄድንበት ሁሉ ጨጓራ ነው አሉን። የጨጓራ መድኃኒቱ ካርቶን ብቻ አንድ ፌስታል ሞልቷል። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ሐኪም ሆዷን በእጇ ዳሰስ አደረገችና ዝም አለች። ከዚያ አልትራሳውንድ ጻፈችልን።

ስክሪኑን አብሬ አየሁት። ጉበቷ ላይ ጥቁር ክብ ነገር ተቀምጧል። 9 ሴንቲ ሜትር። ውስጡ ሌሎች ትንንሽ ክቦች ታጭቀዋል፤ ሮማን ሲከፈት እንደሚታየው። "ሃይዳቲድ ሲስት" ይባላል፣ ከትል የሚመጣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው አለችን። ስለ ሥጋ አልጠየቀችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ግቢያችሁ ውሻ አለ?" የሚል ነበር።

አለ። ቡቺ ይባላል። ከቡችላነቱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በየአረፋው በግ ሲታረድ ሳንባውን የምወረውርለትም እኔ ነኝ። ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከተገኘ አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ "ይሄ ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ስጠው" ይለኝ ነበር። እሰጠዋለሁ። ግቢውን ጠዋት ጠዋት የምትጠርገው ደግሞ እናቴ ናት።

አረፋ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በጉ ተገዝቷል። የምታውቁ ንገሩኝ። ከእናቴ ወደ ልጆቼ ይተላለፋል? ቡቺን ምን ላድርገው? የበጉን ሥጋስ መብላት እንችላለን?

ገንደ ቆሬ | ድሬዳዋ | እሑድ ማታ 3፡05

አብሽር ወንድሜ። እናታችንን አላህ ያሽርልን።

ትል ከሆነ ግን ለምን ኮሶ አትሞክሩም? አያቴ ኮሶም መተሬም ታውቅ ነበር። በባዶ ሆድ ጠጥተን እንውልና ማታ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ቢላ ከመግባቱ በፊት ይሞከር ባይ ነኝ።

ላብ ድሬ | ድሬዳዋ | እሑድ ማታ 3፡30

ገንደ ቆሬ፣ በቅን ልብ እንዳልከው ይገባኛል። ግን እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ይህ መደባለቅ በየሳምንቱ ይገጥመኛል።

እኛ "ኮሶ" የምንለው ትል የበሬ ነው። አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ብዙ ሜትር ይረዝማል። የኮሶ አበባም የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ባለው ትል ላይ ነው። የእናቱ ግን ሌላ ነው። ዋናው ትል ያለው ውሻው አንጀት ውስጥ ነው። እሷ ጋር ያለው ከእንቁላል የተፈለፈለው እጭ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ጉበት ላይ ተቀምጦ ውሃ የቋጠረው። ኮሶ ጠጣች አልጠጣች እዚያ አይደርስም። ኮሶ ሲበዛ ደግሞ ራሱ መርዝ ነው። ዓይን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ጉበቷ የታመመ ሰው ላይ በጭራሽ።

ሰገራም አስመርምራችሁ "ምንም የለም" ብትባሉ አትዘናጉ። ትሉ ሰው አንጀት ውስጥ ስለሌለ በሰገራ አይታይም። የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው፤ ሳንባ ላይ ከሆነ በራጅ። የደም ምርመራም አለ፣ እሱ ግን ደጋፊ ነው።

ለጥያቄህ ደግሞ፣ ከእናትህ ወደ ልጆችህ አይተላለፍም። ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ግን ልጆችህ የሚጫወቱት እሷ በምትጠርገው ግቢ ነው። እነሱንም አንተንም አልትራሳውንድ ያሳዩዋችሁ።

ከዚራ ጥላ | ድሬዳዋ | እሑድ ማታ 4፡10

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እናትህን ማንም ሆዷን እንዳያሽ!

አጎቴ ተመሳሳይ ነገር ነበረበት። እኛ አናውቅም። "ሆዱ ዞሮበታል" ተብሎ ጎበዝ የተባለች አሺ ተጠራች። ቅቤ ቀብታ በጉልበት አሸችው። ትንሽ ቆይቶ ሰውነቱ በሙሉ እንደ ሳማ የነካው ሆነ። ከንፈሩ አበጠ። ትንፋሽ አጠረው። በባጃጅ ነው ያደረስነው። ሐኪሞቹ ከረጢቱ ፈንድቶ ውሃው ሆዱ ውስጥ ፈሷል አሉ። ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ሌላ ቦታ አዳዲስ ከረጢቶች አበቀለ፤ ሁለት ጊዜ ተቀደደ።

ሴትየዋ ክፋት የላትም። ቤተሰቡም የለበትም። ማንም አልነገረንም ነበር።

የጁገል ልጅ | እሑድ ማታ 4፡25

ያኢላሂ። ነገ ጠዋት ለማሳሸት ቀጠሮ ነበራት። አሁን ደውዬ አስቀረሁት። ከዚራ፣ እንዴት ላመስግንህ?

የቄራው ሐኪም | ሐረር | ሰኞ ጠዋት 12፡50

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቄራ ውስጥ ሥጋ እመረምራለሁ። ቡቺን በተመለከተ እኔ ልመልስልህ።

በመጀመሪያ ያየኸውን ነገር በቅርብ ልንገርህ። ጠዋት ጠዋት የበግ ጉበትና ሳንባ በእጄ እየዳሰስኩ አልፋለሁ። ለስላሳው ሥጋ መሃል ኳስ የመሰለ ነገር እጄን ይመታዋል። ስሰነጥቀው ውሃው ይፈናጠራል። ጥርት ያለ ነው፣ የምንጭ ውሃ ይመስላል። ውስጡን የሸፈነው ነጭ ሽፋን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ይንሸራተታል። ውሃው ከሥር ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ያዘቅጣል። ያን አሸዋ በማይክሮስኮፕ ስታየው እያንዳንዷ ቅንጣት መንጠቆ ያላት የትል ጭንቅላት ናት። ለቡቺ የወረወርክለት ያንን ነው።

ውሻው ከበላው ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ እነዚያ ቅንጣቶች አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናሉ። ትሉ በጣም ትንሽ ነው። ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። በሺህ የሚቆጠር ተሸክሞ ውሻው ጤነኛ ነው። ይሮጣል፣ ይበላል፣ ጸጉሩ ያበራል። ሰገራው ውስጥ ግን በዓይን የማይታይ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ገና ሲወጣ ጀምሮ ሰው የመያዝ አቅም አለው። ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። አፈር ላይ፣ ጎመን ላይ፣ የውሃ ባልዲ ጠርዝ ላይ ይገኛል። እርጥበትና ጥላ ካገኘ ወራት ይቆያል። ድርቅ ያለ የበረሃ ፀሐይ ቶሎ ይገድለዋል። በረኪናን አትመኑት፤ የፈላ ውሃ ይሻላል።

በግ፣ ፍየል፣ ከብት፣ ግመል ሳር ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል። እሱም ጉበቱና ሳንባው ላይ ከረጢት ያበቅላል። ይታረዳል። ሳንባው ለውሻ ይወረወራል። ዙሩ ይሄ ነው። ሰው መሃል የሚገባው በስህተት ነው።

ስለዚህ የበጉን ሥጋ ብሉ። ሰው ጉበቱ ከረጢት ያለበትን በግ ሥጋ በልቶ በዚህ በሽታ አይያዝም። የተበላሸውን ክፍል ቆርጦ ማስወገድ ነው። ነገሩ ያለው ቆርጠን የጣልነው የት ሄደ የሚለው ላይ ነው። እኔ 14 ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ሰው ሁሉ ስለሚበላው ሥጋ ይጠይቀኛል። ስለሚጥለው ሳንባ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ትናንት ማታ ይህን ውይይት ሳነብ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው።

እማማ ሸዋ በር | ሐረር | ሰኞ ጠዋት 2፡15

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። እኔ ሐረር ተወልጄ ያረጀሁ ነኝ። እኛ ሐረሮች የጣልነውን ሌሊት ጅቡ ገብቶ ያጸዳዋል። በግንቡ ቀዳዳ ይገባል፣ አጥንቱንም ሆድ ዕቃውንም ሙልጭ አድርጎ ይሄዳል። ጠዋት ስንነሳ መንገዱ ንጹህ ነው። እንዲያው ጅቡ እያለ ውሻ ምን ያገኛል?

የቄራው ሐኪም | ሰኞ ረፋድ 4፡00

እማማ፣ እንደምን አደሩ። እውነትዎን ነው፣ ጅቡ ብዙ ያጸዳልናል። ግን ሰዓቱን ያስቡልኝ። በአረፋ ቀን እርዱ ጠዋት ነው። ጅቡ የሚገባው ከተማው ሲተኛ ነው። በመሃል ያለውን 12 ሰዓት ሙሉ ሳንባው ደጅ ተኝቶ ይውላል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቀድሞት ይደርሳል። ጅቡ የሚያገኘው የተረፈውን አጥንት ነው። ደግሞ በልጅዎ በር ላይ ተኝቶ ከልጅ ልጆችዎ ጋር የሚውለው ጅቡ ሳይሆን ውሻው ነው።

እማማ ሸዋ በር | ሰኞ ረፋድ 4፡20

እሱስ ልክ ነህ ልጄ። ቀን ቀን ውሾቹ የሚናከሱት በእሱ ነው። ለሰፈሬ እነግራለሁ።

ጨርጨር | ድሬዳዋ | ሰኞ ቀን 7፡30

ውሻውን ማስወገድ ነው እንጂ ሌላ ምን መፍትሔ አለው? ከእናት የሚበልጥ ውሻ የለም። የውሻ ምራቅ የነካውን ሰባት ጊዜ እጠቡ ተብለን ያደግነው በከንቱ አይደለም።

የቄራው ሐኪም | ሰኞ ቀን 8፡10

ጨርጨር፣ መታጠቡ ትልቅ ነገር ነው፣ ያዙት። ቡቺን ብታባርሩት ግን መንገድ ላይ ሌላ ሰው የጣለውን ሳንባ ይበላል። እንቁላሉን ጎረቤት ግቢ ይጥላል። በሱ ቦታ የምታመጡት ውሻም ያንኑ ሳንባ ይበላል።

ቡቺ መድኃኒት አለው። ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በኪሎው ልክ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው ውሻውን አይቨርሜክቲን ያስወጋና "ትል አስወጋሁት" ይላል። አይቨርሜክቲን ለእንደዚህ ዓይነቱ ጠፍጣፋ ትል አይሠራም። የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ።

ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን እሰሩት። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት የሚጥለውን ሰገራ በጓንት ለቅማችሁ አቃጥሉ፣ ወይ አርቃችሁ ቅበሩ። ቢያንስ በዓመት አራት ጊዜ ስጡት። ሳንባ ሊያገኝ የሚችል ውሻ ከሆነ በየስድስት ሳምንቱ ቢሆን ይመረጣል።

ለሳንባውና ለጉበቱ ደግሞ ጉድጓድ። ከወገብ የማያንስ ጥልቀት፣ ከላይ ትልልቅ ድንጋይ። ውሻ መቆፈር ያውቃል። ለውሻው መስጠት ካለባችሁ ግማሽ ሰዓት ቀቅላችሁ ስጡት።

ቁርጥ ወዳጅ | ድሬዳዋ | ሰኞ ማታ 1፡45

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጥሬ ሥጋ የምወድ ሰው። በየፋሲካው ቅርጫ እንገባለን። ስለዚህ በአረፋ ብቻ አትመልከቱት፣ እኛም ሆድ ዕቃውን የምንጥለው እንደዚያው ነው።

የኔ ጥያቄ ስለ በሬው ኮሶ ነው። ባለፈው ዓመት የውስጥ ሱሪዬ ላይ የዱባ ፍሬ የመሰለ ጠፍጣፋ ነጭ ነገር አገኘሁ። ይንቀሳቀሳል! ስብር አልኩ። ለማንም ሳልናገር ሁለት ወር ቆየሁ። ጓደኞቼ ሚጥሚጣና አረቄ ይገድለዋል ሲሉኝ ነው የኖርኩት። እውነት ነው?

ላብ ድሬ | ሰኞ ማታ 2፡20

አይገድለውም። ሚጥሚጣም፣ ሎሚም፣ አረቄም ሥጋው ውስጥ ያለውን እጭ አይነኩትም። ለብ ለብ ክትፎም ያው ነው። መሃሉ ድረስ የበሰለ ሥጋ ይገድለዋል። ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን የቀዘቀዘ። እኛ ጋ መብራት በሄደ ቁጥር የፍሪጁ በረዶ ይቀልጣል፣ ስለዚህ በቤት ፍሪጅ አልምልም።

ያገኘኸው የትሉ አንድ ክፍል ነው። በራሱ ተንቀሳቅሶ ይወጣል። ሥጋውን ከበላህ ሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው መታየት የሚጀምረው። በፕራዚኳንቴል ወይም በኒክሎሳማይድ ይድናል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። ድሮ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት እንደገና ሲበሉ እንደገና ስለሚይዛቸው ነው።

ሰው የማያስበው ደግሞ ይህ ነው፦ በሬው ትሉን ያገኘው ከሰው ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ በሬው ሳሩን ይግጣል፣ እጩ ጡንቻው ውስጥ ይቀመጣል። መርማሪዎች የበሬውን ምላስ፣ መንጋጋና ልብ የሚሰነጥቁት እሱን ፍለጋ ነው። ምርመራው ግን ሁሉንም አያገኝም። ወንድሜ፣ እባክህ ሽንት ቤት ተጠቀም፣ መድኃኒቱንም ውሰድ። ማፈር አያስፈልግም። በኔ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ባለሥልጣንም የቀን ሠራተኛም አንድ ዓይነት ብልቃጥ ነው የሚያስቀምጠው።

የመንታ እናት | ድሬዳዋ፣ ሳቢያን | ሰኞ ማታ 3፡00

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጆቼ 4 ዓመታቸው ነው። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ነው ውሎአቸው። ውሻውም እዚያው ይጸዳዳል። ባለፈው አንዱ እግሩ ላይ ቀይ መስመር ወጣበት። በየቀኑ እየተጣመመ ቦታ ይቀይራል፣ ሌሊት ሲያክ ያድራል። ቡችላም ለምነውኝ አምጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

ላብ ድሬ | ሰኞ ማታ 3፡25

እናቴ፣ መስመሩ የውሻ ወይም የድመት መንጠቆ ትል እጭ ሊሆን ይችላል። በባዶ እግር ሲረግጡት ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰው ሰውነት ውስጥ መንገዱ ስለሚጠፋው ከቆዳ ሥር ይንከራተታል። ይድናል፣ ሐኪም ያይልሽ። በመርፌ ለማውጣት አትሞክሩ። አሸዋው ላይ ጫማ ይልበሱ።

ቡችላው የበለጠ ያሳስበኛል። ቡችላ ገና እናቱ ማህፀን ውስጥ እያለ የውሻ ወስፋት ይይዘዋል። ስለዚህ ትንሽና ንጹህ የሚመስለው ቡችላ ነው ብዙ እንቁላል የሚጥለው። ልጅ አፈር የነካ ጣቱን አፉ ሲከት ይውጠዋል። እጩ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ይዞራል። ዓይን ውስጥ ከገባ ማየት ሊያሳጣ ይችላል። ደግነቱ ይህ እንቁላል ሰው ለመያዝ አፈር ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ሰገራውን በየቀኑ ካነሳሽ አብዛኛውን ሥራ ሠርተሻል። ቡችላውን ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የወስፋት መድኃኒት ያሰጡታል። ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ገንደ ቆሬ | ማክሰኞ ቀን 9፡00

እኔ ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ። አንድ ጥያቄ። ጫትስ? ገበሬው ማሳ ውስጥ ውሻ አለ፣ እኛ ሳናጥብ ነው የምንቅመው።

የቄራው ሐኪም | ማክሰኞ ቀን 9፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥሬውን አፍህ ውስጥ የምትከተው ቅጠል ሁሉ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ይታጠብ። ሰላጣም ጫትም። ቅጠሉን ስትቀነጥስ የምትጠቀምበትን እጅህንም ታጠብ።

ተስፋ እንዳትቆርጡ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አይስላንድ የምትባል አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በሽታ በጣም የተጎዳች ነበረች። በግና ውሻ የሞላባት አገር ናት፣ እንደኛው። በ1863 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ክራቤ የሚባል የዴንማርክ ሐኪም መጥቶ አጠና። በዓመቱ ትንሽ መጽሐፍ ታተመ፣ ለየቤቱ በነጻ ታደለ። ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩ ወይ አቃጥሉ የሚል ነበር ዋናው ነገር። ኋላ ሕግ ወጣ። በሽታው ከዚያ አገር ጠፋ። ያኔ ፕራዚኳንቴል የሚባል ነገር አልተሠራም ነበር።

የጁገል ልጅ | ከ16 ቀን በኋላ

ጀመዓ፣ የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

እናቴ አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ጀምራለች። ከቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው የምትወስደው፣ እንደዚያ ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል ብለውናል። በየጊዜው የጉበት ምርመራ ይደረግላታል። ከረጢቱ ውስጥ ሌሎች ትንንሾች ስላሉበት በመርፌ ከመምጠጥ ቀዶ ጥገናው ይሻላል ተብሎ ቀጠሮ ተይዟል።

ልጆቼ ነጻ ናቸው። እኔ ግን ጉበቴ ላይ አለብኝ። 3 ሴንቲ ሜትር። ሐኪሟ ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ፤ ዙሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ሆኗል። የሞተ ነው፣ አይነካም፣ በየጊዜው እናየዋለን አለችኝ። መቼ እንደያዘኝ አላውቅም። ይህ ነገር ዓመታት በዝምታ ይቀመጣል አሉ።

በአረፋ ዋዜማ ጉድጓዱን ቆፈርኩ። እስከ ወገቤ። እማማ ሸዋ በር፣ እርስዎ ሰፈር መንገርዎን ሰምቻለሁ፣ የሚገርመው ሦስት ጎረቤት ሳንባና ሆድ ዕቃውን በሳፋ ተሸክሞ እኛ ግቢ መጣ። የኛ በግ ንጹህ ነበር። ከጎረቤት በመጣ አንድ ሳንባ ላይ ግን ሁለት ከረጢት አገኘን። የዋንጫ ያህል። ልጆቹን ሰብስቤ አሳየኋቸው። ከዚያ ድንጋዩን አራት ሆነን ገፋነው።

ቡቺ ታስሮ ሲጮህ ዋለ። ማታ የተቀቀለ ሥጋ ሰጠሁት። ክኒኑን በቁራጭ ሥጋ ጠቅልዬ ነበር ያዋጥኩት፣ ሰገራውን ሦስት ቀን ለቅሜ አቃጥያለሁ። የሚቀጥለው ክኒኑ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። የኔ አልትራሳውንድ ከስድስት ወር በኋላ። እናቴ ሰኞ ትገባለች፣ ዱዓ አድርጉላት።

ከዚራ ጥላ | ከ16 ቀን በኋላ፣ ማታ

ሰኞ ሐረር እመጣለሁ። ደም ካስፈለገ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ።